የክላውንፊሽ እጮች በአራተኛው ቀን ለምን ያልቃሉ?

ጥያቄ፦ «ኦሴላሪስ የሚባሉት ዝርያ የሆኑ ጥንድ ክላውንፊሾች (ነጭ መስመር ያላቸው ብርቱካናማ ትንንሽ የባሕር ዓሦች) አሉኝ። ከጥቂት ወራት ወዲህ በየሁለት ሳምንቱ ገደማ ከሸክላ ማሰሮው ጎን ላይ እንቁላል ይጥላሉ። እጮቹን ወደ ሌላ አኳሪየም እያዛወርኩ በተደጋጋሚ ሞክሬያለሁ። ይፈለፈላሉ፣ ይዋኛሉ፣ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ግን አንድም ሳይተርፍ ያልቃሉ። መጀመሪያ የላመ የዓሣ ምግብና የእንቁላል አስኳል ሰጠሁ፤ ቀጥሎ አርቴሚያ የሚባለውን ደቃቅ የጨው ውሃ ሽሪምፕ አስፈልፍዬ ሰጠሁ፤ ለውጥ የለም። ውሃው ጥርት ያለ ነው። ባለፈው ዙር ደግሞ ጭራሽ እንቁላሎቹ ዐይን ካወጡ በኋላ ሳይፈለፈሉ ቀሩ። ምን ላስተካክል?»

ምላሽ፦ እጮቹ የሚያልቁት በረሃብ ነው። በሽታ የለባቸውም፤ ወላጆቹም ምንም አላጠፉም። ሳይፈለፈል የቀረው ዙር ምክንያቱ ሌላ ሳይሆን አይቀርም፤ እሱን ለብቻው አነሳዋለሁ።

በየሁለት ሳምንቱ የሚጥል ጥንድ ማግኘት ብዙ ሰው ዓመትና ከዚያ በላይ የሚጠብቀው ነገር ነው፤ እርስዎ ዘንድ ይህ ክፍል አልቋል። ከዚህ በኋላ ያለው ድካም በአብዛኛው የዓሣው ምግብ ላይ ነው። ያ ምግብ ታሽጎ የሚሸጥ አይደለም። ሕያው ሆኖ በባልዲ መርባት ያለበት፣ በዐይን በጭንቅ የሚታይ፣ ሮቲፈር የሚባል ፍጡር ነው። ምክሬን ከወዲሁ ልናገር፦ የሚመጡትን ሁለት ሦስት ዙር እንቁላሎች ለወላጆቹ ይተዉላቸውና ያን ጊዜ ሙሉ ሮቲፈር በማርባት ያሳልፉ። የሚያጡት ነገር የለም፤ ጥንዱ እንደሆነ ተመልሶ ይጥላል።

ረሃብ ነው ያልኩበትን ምክንያት ላስረዳ። ከእንቁላሉ የሚወጣው እጭ ርዝመቱ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ነው። ሆዱ ሥር ይዞት የሚወጣው የአስኳል ስንቅ ጥቂት ስለሆነ ብዙ አያቆየውም። ከዚያ ወዲያ ኑሮው ከእጅ ወደ አፍ ነው፤ አድኖ ይበላል፣ ካላገኘ ይሞታል። የሚያድነውም በዐይኑ እያየ ስለሆነ የማይንቀሳቀስ ነገር ምግብ አይመስለውም። የላመው ዱቄት ጥቂት ተንሳፍፎ ይቆይና ወደ ታች ይወርዳል፤ እጩ ዞር ብሎም አያየው። የእንቁላል አስኳሉ ደግሞ ከዱቄቱ የባሰ ነው፤ በዚያ ሙቀት በሰዓታት ውስጥ ይበሰብሳል፣ እጩን ሳይመግብ ውሃውን ይመርዛል። በዚህ ሥራ ላይ የእንቁላል አስኳልን ጨርሶ ይርሱት።

አርቴሚያውስ? አርቴሚያ ሕያው ነው፣ ይንቀሳቀሳልም፤ ችግሩ መጠኑ ነው። አዲስ የተፈለፈለ አርቴሚያ ከ400 እስከ 500 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ) ይደርሳል። ለአንድ ቀን ዕድሜ እጭ ይህ ከአፉ በላይ የሆነ ጉርሻ ነው። ጠንከር ያሉት ጥቂቶች እንደምንም ይውጡት ይሆናል፤ የቀሩት ግን ምግብ መሃል ሆነው ይራባሉ። ሮቲፈር ከ100 እስከ 300 ማይክሮን ነው፣ ቀስ ብሎ እየተሽከረከረ ይዋኛል፣ ሊያመልጥ አይሞክርም። ለመጀመሪያው ሳምንት የሚሆነው እሱ ነው።

ይህን በራስዎ ዐይን ማየት ይችላሉ። በሚቀጥለው ሙከራ በሁለተኛው ቀን አጉሊ መነጽር ይያዙና በባትሪ ከጎን እያበሩ አንዱን እጭ ብቻ ለጥቂት ደቂቃ ይከታተሉት። የሚያድን እጭ ባለበት ቆም ይላል፣ ሰውነቱን በኤስ ፊደል ቅርጽ ያጥፋል፣ ከዚያ በድንገት ወደ ፊት ይፈናጠራል። የበላው ሆዱ ሞላ ብሎ ከሌላው አካሉ ጎላ ብሎ ይታያል። ያልበላው ሆዱ የተጣበቀ ነው፤ ብርሃን ያሳልፋል። ቀን በጨመረ ቁጥር ጭንቅላቱ ለሰውነቱ የበዛ እየመሰለ ይሄዳል። እዚያ ደረጃ ላይ የደረሰ እጭ ምግብ ቢቀርብለትም ለማደን አቅም የለውም፤ ስለዚህ «ዛሬ ስላልበሉ ነገ እሰጣቸዋለሁ» የሚባል ነገር አይሠራም። ሮቲፈሩ እጮቹ ከመምጣታቸው በፊት ተዘጋጅቶ መጠበቅ አለበት።

በዚህ ሥራ የቆየ ሰው እጮች አለቁብኝ ሲሉት መጀመሪያ የሚጠይቀው በስንተኛው ቀን እንዳለቁ ነው። በመጀመሪያው ቀን ካለቁ አያያዙ ላይ ነው ችግሩ፦ በመረብ ተይዘዋል፣ የሙቀት ወይም የጨው ልዩነት አግኝቷቸዋል፣ ወይም እንቁላሉ ከመነሻው ደካማ ነበር። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን የሚመጣው ጅምላ ሞት የረሃብ ነው። ከአምስተኛው እስከ ሰባተኛው ቀን ከሆነ አሞኒያን (ከኩስና ከብስባሽ የሚመጣ መርዝ) ወይም ራሱ ተርቦ የቆየን ባዶ ሮቲፈር ይጠርጥሩ። ከስምንተኛው ቀን በኋላ ያለው ደግሞ ከእጭነት ወደ ዓሣነት የሚለወጡበት ወቅት ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ የቅባት እጥረት ነው። ድንበሩ እንዲህ ቁርጥ ያለ ባይሆንም አቅጣጫውን ያሳያል። የእርስዎ ሁልጊዜ ሦስተኛና አራተኛ ቀን ላይ መሆኑ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል።

አሁን ወደ ሮቲፈሩ። ለባሕር ዓሣ እጭ የሚረባው ዝርያ ብራኪዮነስ ፕሊካቲሊስ ይባላል። የሚገርመው፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ይህ ፍጡር የሚታወቀው የኢል ዓሣ ኩሬዎችን የሚያበላሽ ተባይ ተብሎ ነበር። የጃፓን ተመራማሪዎች ለዓሣ እጭ እንደሚሆን የተረዱት ከዚያ በኋላ ነው። ማርቲን ሞ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፍሎሪዳ ውስጥ ክላውንፊሽን ለገበያ በሚበቃ መጠን ማርባት ከጀመረበት ጊዜ ወዲህ ብዙ መሣሪያ ተለውጧል፤ የመጀመሪያው ሳምንት ምግብ ግን ዛሬም ያው ሮቲፈር ነው።

አረባቡ ከባድ አይደለም፤ የሚጠይቀው ሳይዘናጉ በየቀኑ መከታተል ነው። 10 ሊትር ውሃ የሚይዝ ንጹህ ባልዲ፣ የጨው መጠኑ በጥግግት መለኪያ ከ1.015 እስከ 1.020 የሆነ ውሃ፣ ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ሙቀት፣ ትልልቅ አረፋ ቀስ እያለ የሚያወጣ የአየር ቱቦ ያስፈልጋል። ቱቦው ጫፍ ላይ የአየር ድንጋይ አያድርጉበት፤ ደቃቁ አረፋ ሮቲፈሩን ወደ ላይ እየገፋ ከአረፋው ጋር ያጣብቀዋል። ምግባቸው ናኖክሎሮፕሲስ የተባለው አልጌ፣ ማለትም ውሃ ውስጥ የሚያድግ ደቃቅ አረንጓዴ ነገር ነው፤ የተጠራቀመው ወፍራም ፈሳሹ ማቀዝቀዣ ውስጥ ስለሚቀመጥ ለቤት ሰው ከሕያው አልጌ ይልቅ ይቀላል። በደረቅ እርሾ የሚያረቡም አሉ። ሮቲፈሩ አይሞትም፣ ይባዛልም፤ ግን ለእጩ የሚያስፈልገውን ቅባት አይዝም፣ ባልዲውም ቶሎ ይሸታል። እኔ አልመክረውም።

የምግቡን ልክ የሚነግርዎ ቀለሙ ነው። ጠዋት ውሃውን ቀለል ያለ አረንጓዴ እስኪሆን ይመግቡ። ማታ ሲመለሱ አረንጓዴው ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ከሆነ ተርበዋል፤ ጨመር ያድርጉ። በማግስቱም እንዳለ ከቆየ ወይ አብዝተዋል ወይ ሮቲፈሩ እየሞተ ነው። በየቀኑ ከባልዲው ሩብ ያህሉን በ53 ማይክሮን ወንፊት ያጥልሉ። ወንፊቱ ላይ የቀረው ምርትዎ ነው፤ ያለፈውን ቆሻሻ ውሃ ደፍተው በአዲስ ይተኩት። እጭ ባይኖርዎትም ይህን አያቋርጡ። ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ ለፍልፈላው ቀን ይብዛልኝ ብሎ ሳያጠልል ያጠራቅመዋል፤ ባልዲው ይጨናነቃል፣ አሞኒያ ይሞላዋል፣ ልክ እጮቹ በሚወጡበት ዋዜማ በአንድ ሌሊት ያልቃል። ለዚህም ሲባል ባልዲው ሁለት ይሁን። ሁለቱን አራርቀው ያስቀምጡ፣ የአንዱን ወንፊትና ቱቦ ለሌላው አይጠቀሙ፤ አንዱን ያጠፋው ነገር ሁለተኛውን እንዳይደርስበት።

ጤንነቱን ለማወቅ በሲሪንጅ አንድ ሚሊ ሊትር ቀድተው ጥቁር ነገር ላይ አስደግፈው በአጉሊ መነጽር ይመልከቱ። ነጫጭ ነጥቦች ሲሽከረከሩ ይታዩዎታል። ከኋላቸው አንዲት ትንሽ ክብ ነገር የጎተቱት እንቁላል የተሸከሙ ሴቶች ናቸው። በጥሩ ሁኔታ ላይ ያሉ ሮቲፈሮች ያለ ወንድ ነው የሚባዙት፤ ስለዚህ እንቁላል የተሸከመው ብዛት የነገውን ይነግርዎታል። ከአምስቱ አንዷ እንኳ እንቁላል ካልተሸከመች ባልዲው እየደከመ ነው፤ ቁጥሩ ብዙ መስሎ ቢታይም እንኳ ግማሹን ውሃ ይለውጡለት።

ስንት ይበቃል? የእጮቹ አኳሪየም ውስጥ በሚሊ ሊትር ከ10 እስከ 20 ሮቲፈር እንዲኖር ነው የሚፈለገው። ይህ ሲሰማ የተጋነነ ይመስላል። ነገር ግን የአንድ ቀን እጭ የሚያየው ከራሱ አካል ርዝመት ብዙም ያልራቀውን ብቻ ነው፤ ሩቅ ዋኝቶ ምግብ መፈለግም አይችልም። ምግቡ አፍንጫው ሥር መሆን አለበት። 20 ሊትር ውሃ በሚሊ ሊትር 10 ይኑረው ካልን 200,000 ሮቲፈር ማለት ነው። በሚሊ ሊትር 200 ያደረሰ የ10 ሊትር ባልዲ 2 ሚሊዮን ይይዛል፤ ሩቡን ሲያጠልሉ በቀን 500,000 ያገኛሉ። አንድ ጤነኛ ባልዲ ይበቃዎታል፣ ሁለተኛው መጠባበቂያ ነው። በዚህ ደረጃ ላይ ሳይደርሱ እንቁላል ለማዛወር አይነሱ፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው የሚሆነው።

የእጮቹ አኳሪየም ራሱ ቀላል ነገር ነው። ከ20 እስከ 40 ሊትር የሚይዝ፣ ባዶ፣ አሸዋም ድንጋይም የሌለው። መነሻ ውሃውን ከወላጆቹ አኳሪየም ይውሰዱ፤ ያኔ ጨውም ፒኤችም (የውሃው የአሲድነት መለኪያ) አንድ ይሆናል። ሙቀቱ 27 ዲግሪ ገደማ ይሁን። አራቱንም ጎን በጥቁር ነገር ይሸፍኑ። እጮች ብርሃን ስለሚከተሉ የሚያንጸባርቅ መስታወት ሲያዩ አፍንጫቸውን እየወጉ እዚያው ላይ ይደክማሉ፤ ምግብ መሃል ላይ ቀርቶ እነሱ ጥግ ላይ ያልቃሉ። መብራቱ ከላይ፣ ደብዘዝ ያለ፣ ምግቡን ለማየት የሚበቃ ያህል ብቻ ይሁን። አየሩም አረፋ በአረፋ እየተቆጠረ የሚወጣ ያህል ቀስ ይበል። ማጣሪያ ለጊዜው አያስፈልግም፤ እጩንም ሮቲፈሩንም ይስባል። ከዚያ ውሃው አረንጓዴ ጥላ እስኪይዝ አልጌ ይጨምሩ። ይህ ሁለት ጥቅም አለው፦ ሮቲፈሩ እጩ እስኪበላው ድረስ ራሱ እየበላ ምግብነቱን ይጠብቃል፣ ብርሃኑም ስለሚበተን እጮቹ ምግቡን አጥርተው ያዩታል።

ለዚህ ነው «ውሃው ጥርት ያለ ነው» ያሉት ያላጽናናኝ። ለእጭ ጥርት ያለ ውሃ ብዙ ጊዜ ባዶ ውሃ ነው። በተጨማሪም አሞኒያ ቀለም የለውም። አዲስ አኳሪየም ውስጥ አሞኒያን የሚበሉ ባክቴሪያዎች ገና አልሰፈሩም፤ የእጩ ኩስ፣ የሞተው ሮቲፈር፣ የተረፈው አልጌ ሁሉ ወደ አሞኒያ ይለወጣል። የባሕር ውሃ ፒኤቹ ከ8 በላይ ስለሆነና ውሃውም ሞቃት ስለሆነ ከዚያ አሞኒያ ውስጥ መርዛማው ድርሻ ከፍ ይላል። ሕያው አልጌ ከሆነ ጥቂቱን ይቀንስልዎታል፤ የማቀዝቀዣው ወፍራም አልጌ ግን የሞተ ስለሆነ ሲበዛ እሱም ሸክም ነው። ስለዚህ ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ በየቀኑ በመመርመሪያ ይለኩ፤ ከዜሮ ከፍ ብሎ ካዩት ውሃ ይለውጡ። አለዋወጡ ላይ ግን እርጋታ ያስፈልጋል፦ በቀጭን የአየር ቱቦ ወለሉን ብቻ እየጠረጉ ወደ ነጭ ሳህን ይምጠጡ። አብሮ የተሳበ ሕያው እጭ ነጩ ላይ ስለሚታይዎ በኩባያ ቀድተው ይመልሱታል። አዲሱ ውሃ ደግሞ ቱቦውን ቋጥረው ጠብ ጠብ እያለ ይግባ፤ በአንድ ጊዜ የፈሰሰ ውሃ ብቻውን እጮቹን ሊጨርስ ይችላል።

አሁን ሳይፈለፈል ስለቀረው ዙር። እንቁላሎቹ ዐይን አውጥተው ነበር ካሉ ፅንሱ አድጓል፤ ያልሆነው የመጨረሻው እርምጃ ነው። አንድ ነገር ልጠይቅዎ፦ ሌሊት በክፍሉ መብራት ይበራል? ወይም አኳሪየሙ ላይ «የጨረቃ ብርሃን» የሚባለው ሰማያዊ አምፖል አለ? ክላውንፊሽ የሚፈለፈለው መብራት ከጠፋ በኋላ በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ሰዓታት ውስጥ ነው፤ ምልክቱ ጨለማው ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ጥናት በዚሁ በኦሴላሪስ ላይ የተሠራ ነበር፤ ሌሊት ሰው ሠራሽ ብርሃን ካገኛቸው እንቁላሎች አንድም አልተፈለፈለም። ጨለማ ሲባል ድፍን ጨለማ ነው፤ በበር ሥር የሚገባ ብርሃን እንኳ ካለ አኳሪየሙን በወፍራም ጨርቅ ይሸፍኑት።

ሌላው ሊሆን የሚችለው የውሃ እንቅስቃሴ ማነስ ነው። አባትየው ቀኑን ሙሉ በክንፉ የሚያራግበው፣ በአፉም የሚጠርገው በከንቱ አይደለም፤ እንቁላሎቹ ኦክስጅን ይፈልጋሉ፣ የሞቱትም መለቀም አለባቸው። ማሰሮውን ቀደም ብለው ካዛወሩት የእሱን ሥራ የሚተካ ነገር አልነበረም ማለት ነው። ስለዚህ እስከ መጨረሻው ምሽት ከእሱ ጋር ይቆዩ።

ያን ምሽት ማወቅ ይቻላል። እንቁላሉ ሲጣል ብርቱካናማ ነው፤ ከቀናት በኋላ ይጠቁራል፤ በመጨረሻ ዐይኖቹ ብር ይመስላሉ፣ ባትሪ ሲበራባቸው መልሰው ያብረቀርቃሉ። በ27 ዲግሪ ይህ ከሰባተኛው እስከ ስምንተኛው ቀን ይደርሳል፤ ውሃው ቀዝቀዝ ካለ ይዘገያል። የራስዎ ጥንድ በስንተኛው ቀን እንደሚፈለፈል ሁለት ዙር ከመዘገቡ ከዚያ በኋላ ብዙም አይሳሳትም። በዚያ ዕለት መብራት ከመጥፋቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ማሰሮውን ውሃ በሞላ ዕቃ ውስጥ እንደሰጠመ ያውጡት። እናቲቱ እጅዎን ትነክሳለች፤ አይገረሙ። የእጮቹ አኳሪየም ውስጥ እንቁላሎቹ ያሉበትን ጎን ወደ አየር ቱቦው አዙረው ያስቀምጡና አየሩን ለዚያች ሌሊት ብቻ ጠንከር ያድርጉት፤ እንቁላሎቹ ሲርገበገቡ መታየት አለባቸው፣ አረፋው ግን በቀጥታ አይምታቸው። ከዚያ ጨለማ። እየደጋገሙ ከፍተው ማየት አይበጅም። ከሁለት ሰዓት በኋላ ደብዘዝ ባለ ብርሃን ይመልከቱ፤ ወጥተው ከሆነ ማሰሮውን አውጥተው አየሩን ወደ ቀስታው ይመልሱት። ያልወጡ ካሉ ለሚቀጥለው ሌሊት እንዲቆዩ ማሰሮውን እዚያው ይተዉት።

ጎጆአቸው ሊነሳ የማይችል ድንጋይ ላይ ከሆነ ሌላው መንገድ በወላጆቹ አኳሪየም ውስጥ ፓምፑን አጥፍቶ በአንድ ጥግ ባትሪ ማብራትና ወደ ብርሃኑ የሚሰበሰቡትን እጮች በኩባያ ከውሃቸው ጋር መቅዳት ነው። ይሠራል፤ ግን አድካሚ ነው፣ ብዙውም በወላጆቹና በሌሎች ዓሦች አፍ ይቀራል። መረብ በሁለቱም መንገድ ክልክል ነው።

ሮቲፈሩ ከተስተካከለ አራተኛውን ቀን ያልፋሉ። የሚቀጥለው ፈተና አርቴሚያው ላይ ነው፤ እርስዎ ቀደም ብለው ያመጡት ምግብ ተራው አሁን ይደርሳል። ከአምስተኛው እስከ ስምንተኛው ቀን ባለው ጊዜ፣ ትልልቆቹ እጮች መዋጥ ሲችሉ፣ በጥቂቱ ይጀምሩ። የሮቲፈሩን አቅርቦት ግን ወዲያው አያቋርጡ፤ በአንድ አኳሪየም ውስጥ ያሉ እጮች እኩል አያድጉምና ትንንሾቹ ለብዙ ቀናት አርቴሚያ መዋጥ አይችሉም። አርቴሚያ ደግሞ ዲኤችኤ የተባለው የኦሜጋ 3 ቅባት ያንሰዋል። እሱን ብቻ የበሉ እጮች ሲታዩ ወፍራም ናቸው፤ ነገር ግን አንድ ቀን መብራት ሲበራ ወይም ክዳን ሲንኳኳ ደንግጠው ክንፋቸውን ዘርግተው ገደል እንደገባ ወደ ወለል ይወድቃሉ፣ አይነሱም። መፍትሔው ማበልጸግ ነው። አርቴሚያው ከተፈለፈለ በኋላ መብላት እስኪጀምር ግማሽ ቀን ያህል ይጠብቁና ዲኤችኤ ባለው ማበልጸጊያ ውስጥ ለሰዓታት አቆይተው፣ አጥበው ይስጡ። ሮቲፈሩንም ከመስጠትዎ በፊት እንዲሁ ቢያደርጉት ይበልጥ ይጠቅማል።

ከስምንተኛው ቀን በኋላ በአንዳንዶቹ ጭንቅላት ላይ ነጭ መስመር ብቅ ይላል፤ አካላቸው ብርቱካናማ ይሆናል፤ መሃል ውሃ ላይ መንሳፈፍ ትተው ወደ ጎንና ወደ ወለል ይወርዳሉ። ይህ ለውጥ በአካላቸው የታይሮይድ ሆርሞን የሚመራ ነው። አንዳንዱ መስመሩ ተቆርጦ ወይም ሳይሟላ ቢቀር አይደንግጡ፤ በቤት በሚረቡት ላይ የተለመደ ነው፣ ጤናቸውን አይነካም። በዚህ ወቅት በየቀኑ ጥቂት ሙት ማግኘት ይጠበቃል። ሁሉም ወደ ታች ከወረዱ በኋላ ቀደም ብለው ወላጆቹ ዘንድ አስቀምጠው ባክቴሪያ ያሰፈሩበትን የስፖንጅ ማጣሪያ ያስገቡ፤ ያኔ የአሞኒያው ጭንቀት ይቀላል። ደቃቅ ደረቅ ምግብም ከሁለተኛው ሳምንት ማለቂያ ጀምሮ ማስለመድ ይቻላል፤ መጀመሪያ ይተፉታል፣ ከቀናት በኋላ ይለምዱታል።

ስለ ወላጆቹ የምጨምረው ትንሽ ነው። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ የተለያየ ምግብ ይስጧቸው፦ ማይሲስ (ሽሪምፕ መሰል ደቃቅ እንስሳ)፣ የተከተፈ ሽሪምፕ፣ የዓሣ እንቁላል። የእጩ ስንቅ የሚመጣው ከእናቱ ምግብ ነው። ክላውንፊሽ በተፈጥሮ የሚጠለልበት አኔሞን የተባለው የባሕር እንስሳ ከሌለዎት አይግዙ፤ ለመራባት ግዴታ አይደለም፣ ለጀማሪ ደግሞ ራሱን የቻለ ራስ ምታት ነው። ሁለቱን አይለያዩአቸው፣ ሦስተኛም አያምጡባቸው። ክላውንፊሾች ሁሉም በወንድነት ይጀምራሉ፤ ከቡድኑ ትልቋ ሴት ናት፣ እሷ ስትሞት ቀጥሎ ያለው ወንድ ወደ ሴትነት ይለወጣል። ይህ እ.ኤ.አ. በ1977 ፍሪከ በተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የታተመ የታወቀ ግኝት ነው። ለእርስዎ ያለው ትርጉም፦ እናቲቱ ብትሞት አባትየውን ከእሱ ካነሰ ዓሣ ጋር እንደገና ማጣመር ይቻላል፤ ወራት ይወስዳል እንጂ።

አንድ ነገር ከወዲሁ ያስቡበት። አንድ ዙር ከመቶ እስከ ብዙ መቶ እንቁላል ይኖረዋል። በመጀመሪያው የተሳካ ዙር ከሦስት መቶው ውስጥ ሠላሳው ቢደርስልዎ ጥሩ ነው፤ እጅዎ ሲፈታ ግን በመቶዎች ይሆናሉ። ወር ከሞላቸው በኋላ 20 ሊትር አይበቃቸውም፤ ሰፊ፣ በደንብ የሚጣራ አኳሪየም ይፈልጋሉ፣ ለሌላ ሰው ለመስጠት እስኪደርሱም ሦስት አራት ወር ይቆያሉ። እያደጉ ሲሄዱ ይነካከሳሉ፤ በርከት ብለው አንድ ላይ ቢሆኑ ይሻላል፣ ጥቂት ብቻ ሲሆኑ አንዱ ጥግ ይይዝና ሌሎቹን ያሰቃያል። የሚወስዳቸው ሰው ሳይገኝ ቀጣዩን ዙር አያስፈልፍሉ። ማሰሮውን ሳይነኩት ቢተዉት እጮቹ ወላጆቹ አኳሪየም ውስጥ ይወጣሉ፣ በሌሊቱም ይበላሉ፤ ጥንዱም በሁለት ሳምንቱ እንደገና ይጥላል።